የጋሽ ሳህሌ ኤሌክትሮን

የክሮይደኑ ባቡር ገና ከስትሪትሃም ጣቢያ ሳይነሳ ብፅዓት በጭንቀት መቆሚያ መቀመጫ አጥታ ነበር። አጠገቧ ጋሽ ሳህሌ ባትሪ፣ ሽቦና ትንሽ አምፖል የያዘች ፌስታል ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ትምህርቱን ይለማመዳሉ። አዲስ አበባ ሳሉ ፊዚክስ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ለንደን ከገቡ ወዲህ የመኪና ማቆሚያ ዘበኛ ሆነው ከርመው፣ ዛሬ ገና አንድ ትምህርት ቤት ለኢንተርቪው ጠርቷቸዋል፤ ክፍል ገብተው ስለ ኤሌክትሪክ አስተምረው ማሳየት አለባቸው። እንግሊዝኛዬን ታርሚልኛለሽ ብለው ይዘዋት ወጡ።

እንግሊዝኛቸውስ ደህና ነበር። ጣጣው ፊዚክሱ ነው።

«ማብሪያውን ስንጫን ኤሌክትሮኑ ከባትሪው ተነስቶ በብርሃን ፍጥነት አምፖሉ ጋ ይደርሳል» አሉ፣ እንደ ድሮው ጣታቸውን ቀስረው።

ስህተት ነው። ብፅዓትም እዚህ ኮሌጅ ገብታ ኤሌክትሪክ ማጥናት እስክትጀምር ድረስ እንደዚያው ታምን ነበር። ግን አስተማሪ እንዴት ተብሎ ይታረማል? በእሳቸው ፊት ቀና ብላ አውርታ እንኳ አታውቅም። ዝም ብትል ደግሞ ሰው ፊት መዋረዳቸው ነው፤ ሥራውም ይቀራል። ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ የኮቷን ቁልፍ ፈታች፣ መልሳ ቆለፈች። የሚወዱትን ሰው ዝም ብሎ ገደል የሚያስገባ፣ ይኼ ምን የተረገመ አክብሮት ነው?

የትምህርት ቤቱ ኮሪደር ላይ ተራ ሲጠብቁ ግን አልቻለችም። እንደ ተማሪ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ ጥያቄ አለኝ። ኤሌክትሮኑ ሽቦው ውስጥ ከቀንድ አውጣ ባነሰ ፍጥነት ነው የሚሄደው ይላሉ። ታዲያ አምፖሉ ለምን ወዲያው ይበራል?»

ጋሽ ሳህሌ ፈገግ ብለው ማብራራት ጀመሩ፤ መሃል ላይ ቆሙ። ጥያቄ እንዳልነበረ ገባቸው። ፊታቸው ሲጠቁር አይታ፣ ምነው ምላሴን በቆረጠው አለች በሆዷ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

አንገቷን ደፍታ ነገረቻቸው። ሽቦው ከመጀመሪያውም በኤሌክትሮን የተሞላ ነው። ውሃ የሞላ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ቧንቧው ሲከፈት ጫፉ ላይ ያለው ውሃ ወዲያው እንደሚፈስ ሁሉ፣ የሚሮጠው ግፊቱ ነው፤ ኤሌክትሮኖቹ እያንዳንዳቸው ካሉበት ባንዴ ይንፏቀቃሉ።

ጋሽ ሳህሌ ፌስታሏን ሲያገላብጡ ቆዩ።

«ስንቱን ልጅ አሳሳትኩ» አሉ።

በሩ ተከፍቶ አንዲት ሴትዮ ስማቸውን ጠራች። ተነስተው ጥቂት እንድትታገሳቸው ለመኗትና ወደ ብፅዓት ዞሩ።

«ድገሚልኝ» አሏት። «እዚያ ውስጥ ልጆች ተቀምጠዋል።»