ለመሳፍንት የተላከ አደራ

እስከዳር ለቤት ሠራተኝነት ወደ ኩዌት ልትሄድ ከትውልድ ከተማዋ ከአማኑኤል ስትነሳ፣ ጎረቤቷና የክርስትና እናቷ እትዬ ወለተ ሰንበት በላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዘው መናኸሪያ ድረስ ሸኟት። ልጃቸው መሳፍንት ኩዌት ሾፌር ነው። ጨጓራው ክፉኛ እንዳስቸገረው፣ መድኃኒትም እንዳልያዘለት ነገሯት።

«የዲማ ጠበል ነው፤ አደራ ልጄ፣ ከእጅሽ እንዳይለይ።»

የተቀደሰ ነገር ዕቃ አይጫነውም ብላ ከሻንጣው ለይታ በእጅ ቦርሳዋ ያዘችው።

አዲስ አበባ አየር ማረፊያ ፍተሻው ላይ ቦርሳዋ ተያዘ። ፈታሿ ከመቶ ሚሊ ሊትር የበለጠ ፈሳሽ በእጅ ይዞ መግባት እንደማይቻል ነገረቻት። ጠበል ነው ብላ ብትለምንም ሕጉ ያው ነው ተባለች። ከመጣሉ በፊት ፊቷን ልትታበስበት ክዳኑን ስትከፍት የአረቄ ሽታ አፍንጫዋን መታው።

ፈታሿም ሸቷት ኖሮ ጠርሙሱን ተቀበለቻት። ማን እንደሰጣት፣ ወዴት እንደምትሄድም ጠየቀቻት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አስረዳቻት። ሌላ አገር ቢሆን ፋብሪካ ያሸገው፣ የአልኮል መጠኑ የተጻፈበት መጠጥ በሻንጣ ይጫናል፤ የቤት አረቄ ግን አይሆንም። ኩዌት ደግሞ የታሸገውም ቢሆን ወንጀል ነው።

«እዚያ ቢያገኙብሽ ጠበል መስሎኝ ነው ብትዪ ማን ያምንሻል?»

አረቄው ተደፋ። እስከዳር ወንበር ላይ ተቀመጠችና ለእትዬ ወለተ ሰንበት ደወለች። መጀመሪያ ካዱ፤ ኋላ አለቀሱ። አረቄ መሆኑን ካወቀች አትወስድልኝም ያላቸው ልጃቸው ነው። እንደሚያሳስር ግን አልነገራቸውም።

ኩዌት ከገባች በኋላ መሳፍንት ደወለላት። እንዴት ገባሽ እንኳ ሳይል ስለ ዕቃው ጠየቃት።

«ደፉት» አለችው። «እንደሚያሳስረኝ ታውቅ ነበር?»



«አውቅ ነበር» አለ። «ካልጠጣሁ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ እስከዳር። መሪ መያዝ አቅቶኛል።»

ልትናገረው ያዘጋጀችው ስድብ ሁሉ ጠፋት። ሐኪም ዘንድ ሂድ ስትለው ስልኩን ዘጋው።

ክረምቱ ሳይወጣ መኪና አጋጭቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ወሬውን በስልክ የነገረቻት እናቷ ናት። እትዬ ወለተ ሰንበት ልጃቸውን ከቤት እንደማያስወጡት፣ ከእናትዬዋም ጋር ሰላምታ እንዳቆሙ ነግራት፣ ምን እንዳስቀየማቸው ታውቅ እንደሆነ ጠየቀቻት። እስከዳር ልትነግራት አፏን ከፈተች። ግን እናቷና እትዬ ወለተ ሰንበት አንድ አጥር የሚጋሩ፣ በየቀኑ የሚተያዩ ሰዎች ናቸው።

«አላውቅም፣ እማ» አለቻት።