ዋስትናዋ ያለቀባት መኪና

ዳኛቸው ኩዌት ውስጥ፣ ሙባረክ አል-ከቢር በሚባል አካባቢ፣ የአንድ ኩዌታዊ ቤተሰብ ሾፌር ነው። ዓርብ ዕረፍቱ ስለሆነ የጸሎት ኅብረቱን አባላት ሰብስቦ ለጸሎት አሕመዲ ያደርሳል። የሚነዳት መኪና የጓደኛው የፍራኦል ናት። ፍራኦል አገር ቤት ለዕረፍት ሲገባ ቁልፏን ትቶለት ሄደ። ባለፈው ሳምንት ግን ደወለና፣ «ኢንሹራንሷ ሊያልቅ ነው፤ መጥቼ እስካሳድስ አታንቀሳቅሳት» አለው።

ዳኛቸው እሺ አለ እንጂ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ዓምና የአሠሪውን የባባን መኪና ከግንብ ጋር ሲያጋጫት ኢንሹራንሱ አሠርቶ መልሷታል። የባባ ሚስት ማዳምም ያኔ፣ «አይዞህ፣ ኢንሹራንስ አለህ» ብላዋለች። ከዚያ ወዲህ ዋስትናው እንደ መንጃ ፈቃዱ ኪሱ ውስጥ ያለ፣ የጨበጠውን መሪ ሁሉ የሚከተል ይመስለው ነበር።

ስለዚህ ዓርብ ጠዋት የኅብረቱን መሪ እስጢፋኖስን፣ በጽዳት የምትሠራውን አዳነችንና የፀጉር ቤት ሠራተኛዋን ዘነበችን አሳፍሮ ወጣ።

«ቀስ በል እንጂ፣ ሰማይ ቤት ሳይሆን አሕመዲ ነው የምንሄደው» አለች ዘነበች።

«አንቺ ከኋላ ሆነሽ ስትነጂ እኮ ነው የምደናገረው» ብሎ በመስታወቱ አያት። ዓይኑን ወደ ፊት ሲመልስ አደባባይ መግቢያ ላይ አንድ ታክሲ ቆሟል። ፍሬን ያዘ፤ ግን ዘግይቶ ነበር። የታክሲው የኋላ መብራት ረገፈ፣ የሻንጣ መክደኛውም ተጨራመተ። ሰው አልተጎዳም።

ባለታክሲው ጁማ የሚባል ረጅም ሱዳናዊ ነበር። አልጮኸም። መኪናውን አንድ ጊዜ ዞሮ አየና በአረብኛ፣ «ፖሊስ እንጥራ» አለ። «ያለ ፖሊስ ወረቀት ጋራዥ አይቀበለኝም። ካልተሠራች ደግሞ እንጀራዬ ቆመ።»

«ችግር የለም፣ ኢንሹራንስ አለኝ» አለው ዳኛቸው።

ጁማ የመኪናዋን ወረቀት ተቀብሎ ቀኑን አየ። «ይሄማ ረቡዕ አልቋል።»

«እሱ የመኪናዋ ነው። የኔ በማዳም በኩል አለ።»

ጁማ ወረቀቱን መለሰለት። «ወንድሜ፣ የማዳም ኢንሹራንስ ያለው የማዳም መኪና ላይ ነው። አንተ ስትወርድ አብሮህ አይወርድም።»

ዳኛቸው አሁን ገባው። ፖሊስ ከመጣ ዋስትና የሌላት የሰው መኪና መንዳቱ ማዳም ጆሮ ይደርሳል፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ደግሞ በእነሱ እጅ ነው። በአንድ ቃል ብቻ አውሮፕላን ላይ ታሳፍረዋለች።

እስጢፋኖስ እጁን ይዞ ወደ ጎን ሳበው። «ሰውየው ሰሌዳችንን አልጻፈም። መኪናዋም ትሄዳለች። እንሂድና እንጸልይበት።»

«ወንድም እስጢፋኖስ» አለች ዘነበች በመስኮቱ፣ «አምልጠን ስንደርስ ‹በሰላም ያደረስከን ተመስገን› ልንል ነው?»

አዳነች ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነች። እስጢፋኖስ የዳኛቸውን እጅ ለቀቀ።

ዳኛቸው ጁማን ተመለከተ። ሰውየው አስፋልቱ ላይ ቁጢጥ ብሎ የመብራቱን ስብርባሪ፣ መልሶ የሚገጥመው ይመስል፣ አንድ በአንድ ይለቅማል። ዳኛቸው ስልኩን አወጣና ለፖሊስ ደወለ። ከዚያ፣ ድፍረቱ ሳይበርድ፣ ለማዳም።

«የማን መኪና ነው?» አለች።

ነገራት። ስልኩን ዘጋችው።

ሴቶቹና እስጢፋኖስ በሌላ ታክሲ ሄዱ። ፖሊስ መጥቶ ወረቀቱን ጻፈ፤ ጁማ እሱን ይዞ ወደ ጋራዥ፣ የፍራኦል መኪና በጎታች፣ ዳኛቸው ወደ ጣቢያ። አመሻሹ ላይ ባባ መጥቶ ፈርሞ አስወጣው። የግቢው በር ላይ ሲደርሱ፣ «ሥራህ አለ» አለው። «የታክሲውን ማሠሪያ ከደሞዝህ እቆርጣለሁ። ዓርብ ግን ከእንግዲህ ከግቢ አትወጣም።»

በሚቀጥለው ዓርብ ዘነበች ከአውቶቡስ ውስጥ ደወለችለት።

«ሰው እንደ ሰርዲን ታሽጓል። አዳነች እግሬ ላይ ቆማለች።»

«ደርሳችኋል?»

«ልንደርስ ነው። በጸሎት ስምህን እናነሳለን።»

«አንሱ» አለና፣ ቧንቧውን ከፍቶ የባባን መኪና ማጠቡን ቀጠለ።