የጀርመኖቹ አጥቂ ስንት ዓመቱ ነው?

ሄልሙት የመኪና ጭስ እስከምመረምርበት ስሞግ ቼክ ቤቴ ድረስ ሲመጡ መኪናቸውን ሊያስፈትሹ መስሎኝ ነበር። በከዘራቸው የበሩን ብረት ሁለቴ መቱና፣ አንድ ቶዮታ ጭስ ማውጫ ሥር ተንበርክኬ ሳለሁ፣ "አንዲ፣ ሰባት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፍን" አሉኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ጊዜ አያባክኑም። ኣንደማርያም የሚለው ስሜ ከአፋቸው ስለማይወጣ አንዲ ብለው ካስቀሩኝ ቆይቷል።

"ሰምቻለሁ" አልኳቸው።

"ሦስት ጨዋታ ቀርቶናል። መጨረሻ ከወጣን ሊጉ ያሰናብተናል። ከዚህ በታች ሌላ ዲቪዚዮን የለም፤ ማለቁ ነው።" ከዘራቸውን ወደ እግሬ ቀሰሩ። "ጉልበትህ እንዴት ነው?"

ጉልበቴ ምንም ሆኖ አያውቅም። ጉልበቴን አመመኝ ብዬ ከክለቡ የወጣሁት ዋሽቼ ነው። ለምን እንደዋሸሁ ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

ክለቡ ፎርቬርትስ ኦክላንድ ይባላል። በጀርመንኛ "ወደ ፊት" ማለት ነው። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ከጀርመን የመጡ ዳቦ ጋጋሪዎችና አናጢዎች ናቸው የመሠረቱት። ዛሬ ከፕሬዚዳንቱ ከሄልሙት በቀር አንድ ጀርመናዊ የለበትም። ግማሹ ሐበሻ፣ ግማሹ ሜክሲካዊ ነው፤ ቢሆንም በኦክላንድ ዙሪያ ከአልባኒ እስከ ካስትሮ ቫሊ ያለው ሐበሻ ሁሉ የሚጠራን "ጀርመኖቹ" ብሎ ነው። የምንጫወተው ዕድሜያቸው ከሃምሳ በላይ በሆነ ሰዎች ሊግ ውስጥ ነው። የእኔም ጉድ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

እኔ የተወለድኩት በኅዳር ወር ስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ አዲስ አበባ፣ ከአስመራ ከመጡ ወላጆች ነው። ጊዜው ሲበላሽ ካርቱም ገባሁ። እዚያ የስደተኛ ፎርም የሚሞላ አንድ ጸሐፊ "መቼ ተወለድክ?" ሲለኝ "ስድሳ ስድስት" አልኩት። ቁጥሯን እንዳለች በፈረንጅ አቆጣጠር አሰፈራት። ቀኑን ደግሞ እንደ ስደተኛው ሁሉ ጃንዋሪ አንድ አደረገልኝ። እኔም በተቀመጥኩበት ስምንት ዓመት አረጀሁ። አሜሪካ ከገባሁ በኋላ ላስተካክል ብል የልደት ማስረጃ አምጣ አሉኝ፤ ከየት አባቴ ላምጣ? ተውኩት። ባለቤቴ ሩሓማ "አንተ እኮ ሁለት ዕድሜ ነው ያለህ፤ አንዱ የዲኤምቪ መንጃ ፈቃድህ፣ አንዱ የእኔ" እያለች ትስቅብኛለች።

የዛሬ ስምንት ዓመት ሄልሙት መንጃ ፈቃዴን አዩና "ሃምሳ አንድ! አንተ?" ብለው ጮኹ። እውነተኛ ዕድሜዬ አርባ ሦስት ነበር። ያኔ አንድ ቃል ብተነፍስ ነገሩ እዚያው ባለቀ። ግን ኳስ እወዳለሁ፤ በወጣቶቹ ሊግ ውስጥ ደግሞ ማንም ኳስ አያቀብለኝም ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ ፈረምኩ። ጸሐፊው ተሳሳተ ልበል፤ ዝም ያልኩት ግን እኔ ነኝ።

በዚያ ዓመት ሃያ ሰባት ጎል አገባሁ። የሃምሳና የስድሳ ዓመት ሰዎች ከኋላዬ እየተነፈሱ ሲቀሩ ራሴን አንድ ነገር አድርጌ ቆጠርኩት። በፍጻሜው የሳን ሆዜ ሐበሾች ቡድን ላይ ሦስት አግብቼ ዋንጫውን ወሰድን። ክለቡ ከአርባ ዓመት ወዲህ ያገኘው ብቸኛ ዋንጫ ነው። ሄልሙትም በእኔ ምክንያት ሌላ ሰው ሆኑ። ሐኪማቸው የሜዳውን መስመር የሚያሰምሩበትን የኖራ ጋሪ እንዳይገፉ ከልክሏቸው ነበር። "በሃምሳ አንድ ዓመቱ እንደዚያ የሚሮጥ ሰው እያለ፣ እኔ በሰባ ዘጠኝ ጋሪ መግፋት ያቅተኛል?" ብለው ይኸው እስከ ዛሬ የሚያሰምሩት እሳቸው ናቸው። ሲያመሰግኑኝ ውስጤ ይቃጠል ጀመር። በሁለተኛው ዓመት ጉልበቴን ብዬ ጠፋሁ።

ሄልሙት ስሞግ ቼኩ ድረስ በመጡበት ቀን ማታ ለሩሓማ ነገርኳት።

"እና ምንድን ነው ያስጨነቀህ?" አለችኝ። "አሁን እኮ ሃምሳ አንድ ሆነሃል። በሐቅ!"

እውነቷን ነው። ሳላስተውለው በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉን ሕግ አሟልቼ ተገኝቻለሁ። ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል ሩሓማ እጄን ያዘችኝ።

"ግን መጀመሪያ ለሽማግሌው ንገራቸው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ሳይጠራብህ አንተው አጥራው።"

"አሁን ብነግራቸው ልባቸው ይሰበራል። ዋንጫውም ይረክሳል። በዚያ ላይ እምቢ ካሉኝ ክለቡ ይሞታል። መጀመሪያ ክለቡን ላድን፤ ከዚያ እነግራቸዋለሁ።"

"ከዚያ ማለት መቼ?" አለችኝ። ታኬታዬን ልፈልግ ተነሳሁ።

ሃምሳ አንድ ዓመት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ታኬታዬን አስሬ ሜዳ ስገባ ነው። ሐሳቤ ቀድሞ ኳሷ ጋ ይደርሳል፤ እግሬ ዘግይቶ ይመጣል። የመጀመሪያውን ጨዋታ ያለ ጎል አቻ ወጣን። በሁለተኛው ከማዕዘን የተሻማች ኳስ በቴስታ አግብቼ ሁለት ለአንድ አሸነፍን። ዳር ቆሞ የሚያየው ሰው ሁሉ "በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ!" እያለ አጨበጨበ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ጎሏ የሐቄ ነበረች፤ ጭብጨባው ግን በሌለ ሰው ስም ነው የተጨበጨበው። ሄልሙት ከዘራቸውን ወደ ሰማይ እያወዛወዙ ስሜን ይጠራሉ። ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ወደ እሳቸው ሄድኩና፣ ፊታቸውን ሳይ "መልካም ጨዋታ ነበር" ብቻ ብዬ ተመለስኩ።

የመጨረሻው ጨዋታ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሳን ሆዜ ነበር፤ ከዚያው ከጥንቱ የሐበሾች ቡድን ጋር። አቻ ከወጣን እንተርፋለን፣ ከተሸነፍን አበቃ። ሜዳው ዳር አንድ ትከሻው የሰፋ ሰው ውሃና በረዶ ያለበት ሣጥን ይጎትታል። አወቅሁት። ሀምዛ ነው፤ በዚያ ፍጻሜ ሦስት ያገባሁበት በረኛ።

"ኣንደማርያም! አለህ እንዴ?" ብሎ ትከሻውን ሰጠኝ።

"አለሁ። አንተስ? ለምን አትለብስም?"

"እኔማ በዚያው ቀን ነው ያቆምኩት። ያንተው ጉድ ነዋ!" አለና ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። "ያኔ ሃምሳ ዓመቴ ነበር። አንተን ደግሞ ሃምሳ አንድ ነው አሉኝ። ሦስት ጊዜ ስታልፈኝ ጥላህን እንኳ አልነካሁትም። እኩያዬ እንዲህ የሚሮጥ ከሆነ እኔ አንድ ነገር ሆኛለሁ አልኩ። ወላሂ፣ ሰኞ ከሥራ ኦፍ ወስጄ ቼክአፕ አደረግኩ። ብለድ ወርክ በለው፣ ልብ በለው፣ ሁሉንም። ዶክተሩ 'ኤቭሪቲንግ ኢዝ ኖርማል' አለኝ። ኖርማል ከሆንኩማ በቃ አርጅቻለሁ ማለት ነው ብዬ ተውኩት። ባለቤቴ እስከ ዛሬ 'እኩያህን አላየኸውም?' እያለች በአንተ ትሰድበኛለች።"

እየሳቀ ነው የነገረኝ። እኔ ግን እነዚያን ዓመታት ሁሉ ራሴን ሳጽናና የኖርኩት፣ ውሸቴ ቢያንስ ለሄልሙት ዕድሜ ጨመረላቸው እያልኩ ነው። ከማን ላይ እንደቀነሰ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ዳኛው ፊሽካ ነፋ።

እንዴት እንደተጫወትኩ አላስታውስም። በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ ገባብን። ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ኳስ እግሬ ሥር ገባች። የዛሬ ስምንት ዓመት ቢሆን እሮጥባት ነበር፤ አሁን መሮጥ እንደማልችል ስላወቅሁ ቀና ብዬ አየሁና ለቡድን ጓደኛዬ ለራሞን አቀበልኩት። ራሞን አገባት። አንድ ለአንድ አለቀ፤ ጀርመኖቹ ተረፉ። ጓደኞቼ ተሸከሙኝ። ሄልሙት መሐረባቸውን አውጥተው አለቀሱ። ከሰው ሁሉ መሃል ዞሬ ያየሁት ሀምዛን ነው፤ ባዶ የውሃ ጠርሙስ እየለቀመ ነበር።

ሄልሙትን ወደ ኦክላንድ የምመልሳቸው እኔ ነበርኩ። ጎኔ ተቀምጠው የሆነ የጀርመን ዘፈን ያንጎራጉራሉ። ሚልፒታስ ከተማን እንዳለፍን አላስቻለኝም።

"ሄልሙት፣ እኔ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ አይደለም። ሃምሳ አንድ ነው።"

ዘፈኑ ቆመ። ስለ ካርቱሙ ጸሐፊ ነገርኳቸው። ስለ ዘመን አቆጣጠራችን ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ለጀርመናዊ ይህን ማስረዳት ቀላል እንዳይመስላችሁ።

"አሥራ ሦስት ወር?" አሉኝ።

"አሥራ ሦስት ወር።"

ከዚያ እስከ ፍሪሞንት ድረስ በጣታቸው ጭናቸው ላይ እየነካኩ በቋንቋቸው ሲቆጥሩ ይሰማኛል። ፈራሁ። አባቴን እንኳ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

"ስለዚህ ያኔ አርባ ሦስት ነበርክ" አሉ በመጨረሻ።

"አዎ።"

"እኔ ደግሞ አንተን እያየሁ ስምንት ዓመት ጋሪ ገፋሁ።"

"አዎ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።" እንግሊዝኛ "እርስዎ" የለውም፤ እኔ ግን በሆዴ ጎንበስ ብዬ ነው ያልኳቸው።

"ጋሪውንስ ገፍቼዋለሁ፤ አሁን ተመልሶ አይገፋም" አሉና መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አደረጉት። ድምፃቸው ተቆጥቶ ነበር፤ አልጮኹም ግን። "ዋንጫውን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ለእኔ መናገር ቀላሉ ነው። የተወሰደበት ማነው?"

"አንድ በረኛ አለ።"

"የት ነው ያለው?"

"አሁን የመጣንበት ሜዳ ላይ።"

"ታዲያ ወዴት ነው የምትነዳው?"

በሚቀጥለው መውጫ ወጥቼ ዞርኩ። ስንመለስ ሜዳው ላይ የቀረው ሀምዛ ብቻ ነበር። የአንዱን ጎል መረብ ከቋሚው ላይ እየፈታ ነው። ሄልሙት ከመኪናው ወርደው አጥሩን ተደግፈው ቆሙ።

"ምን ረሳህ?" አለኝ ሀምዛ።

መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋብኝ። ከየት ልጀምር? ከካርቱም? ከሄልሙት? ሳላስበው ከአፌ የወጣው ሌላ ነገር ነበር።

"ጋሽ ሀምዛ" አልኩት።

ሳቀ። "ጋሽ? እኩያህን ጋሼ ትላለህ እንዴ? ሰውዬ፣ አር ዩ ኦኬ?"

"እኩያዎ አይደለሁም" አልኩ። "ስድሳ ስድስት ብዬ የነገርኳቸው በእኛ አቆጣጠር ነው። እንዳለ በፈረንጅ ጻፉት። አውቄ ዝም ብዬ ተጫወትኩ።"

ለእሱ ከዚህ በላይ ማስረዳት አላስፈለገኝም። የመረቡ ጫፍ ከእጁ ወደቀ። ፊቱ ላይ ቁጥሩ ሲደመርና ሲቀነስ አየሁት። ከዚያ ቀስ ብሎ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ይስደበኝ፣ ይምታኝ ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ።

"ታዲያ አላረጀሁም ነበራ" አለ ለራሱ።

"አላረጁም ነበር" አልኩት። "ጋሼ፣ ስምንት ዓመትዎን ነው የወሰድኩት። መመለሻም የለኝም።" እንባዬ መጣ፤ አልከለከልኩትም።

ሀምዛ ጉልበቱን ይዞ ተነሳና የፈታውን መረብ መልሶ ቋሚው ላይ አሰረው። ከከረጢቱ አንድ ኳስ አወጣ፤ ወደ እኔ አንከባለለልኝ። ባዶ እጁን አፋተገና መስመሩ ላይ ቆመ።

"ፔናልቲ" አለኝ። "ወላሂ ካዘንክልኝ፣ ሁለተኛ ዓይንህን አላይም።"

በቀስታ ብመታት ሁለተኛ ውሸት መሆኑ ገባኝ። በአዘቦት ቀን ጫማዬ ተንደርድሬ፣ ባለኝ ኃይል ሁሉ መታኋት። ወደ ትክክለኛው ጎን ነው የወደቀው፤ አልደረሰባትም። ኳሷ ጥግ ገባች። እሱ ሣሩ ላይ ተዘርግቶ ቀረ። ተጎዳ ብዬ ሮጬ ስደርስ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

"እኩያዬ መስሎኝ እኮ ነው የተቃጠልኩት" አለ እየሳቀ። ዓይኑ ግን እርጥብ ነበር። "ታናሼ ቢያገባብኝ ምን ነውር አለው?"

ላነሳው እጄን ብዘረጋ አልያዘኝም። ራሱ ተነሳ፤ ከክርኑ ላይ ሣሩን አራገፈ፤ ኳሷን ከመረቡ አውጥቶ ወረወረልኝና ወደ መስመሩ ተመለሰ።

"ድገም።"

ደገምኩ። እንደ መጀመሪያው ባለኝ ኃይል ሁሉ ነው የመታኋት። ያዛት።