የተውፊቅ የመጀመሪያው ሞት

«አብሽሪ ዙበይዳ! ሰብር ማለት እንዲህ ነው» አሉ ሼህ ሚስባህ ከድንኳኑ ወደ ሴቶቹ ብቅ ብለው። «ላንቺ የሰጠሽን ትዕግሥት አላህ ለሁላችን ይስጠን።»

ዙበይዳ አንገቷን ደፋች። ልጇ ተውፊቅ የተቀበረው ትናንት ነው፤ እሷ ግን አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። በዚህ ነገር የቧንቧ ውሃ ሰፈር ሰው ለሁለት ተከፍሏል። ወንዶቹ ያደንቋታል፤ ሴቶቹ ንፍሮ እየቆረጠሙ «አንጀቷ ድንጋይ ነው እንዴ?» ይንሾካሾካሉ። ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል። ዙበይዳ ያላለቀሰችው ልጇን እየጠበቀችው ስለሆነ ነው።

«እማ፣ ትንሽ አልቅሽ፣ ይውጣልሽ» አለቻት ልጇ ሱሀይላ።

«ዝም በይ! እንዳታበላሺበት።»

«ምኑን ነው የማበላሽበት?»

የእናትየው ዓይን በሩ ላይ ነው። ሱሀይላም ወደ በሩ ዞር ብላ ማንንም አጣች።

ነገሩ የመጣው ከአምና ነው። ተውፊቅ ቴአትረኛ ነበር። ዙበይዳ ከደሴ ዙሪያ የሚመጣ ጎመንና ካሮት ስትሸጥ ዕድሜዋን ፈጀች እንጂ ቴአትር የሚባል ነገር በዓይኗ አይታ አታውቅም። «ደክሞኛል» ሲላት «ምን ተሸክመህ?» እያለች ትቀልድበት ነበር። አምና ግን እጇን ይዞ ወሰዳትና ፊት ወንበር ላይ አስቀመጣት። ምን እንደምታይ አልነገራትም፤ ሞኙ ልጅ፣ ሊያስደንቃት ፈልጎ ነው።

መብራቱ ጠፋ። ከፊቷ አንድ ግድግዳ የጎደለው ቤት ብቅ አለ። ውስጡ ያሉት ሰዎች ያ ሁሉ ሕዝብ አፍጥጦባቸው ማንንም እንዳላዩ ሆነው ያወራሉ። ዙበይዳ የጂን ቤት መሰላትና «አዑዙ ቢላሂ» አለች። ከዚያ ተውፊቅ ገባ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ ግን አላወቃትም። አምጣ የወለደችው ልጅ ፊት ላይ ሌላ ሰው ቆሞ አየችው። ገና ከድንጋጤዋ ሳትመለስ አንዱ በጩቤ ወጋውና ተዘረረ። እህቱን ሆና የምትጫወት ሙና የምትባል ልጅ «ወንድሜን!» ብላ ጮኸች።

ከዚያ በኋላ ዙበይዳን ማን ይያዛት! ጫማዋን ጥላ መድረኩ ላይ ወጣች፤ ልጇ ላይ ተደፍታ ደረቷን ትደቃ ጀመር። ይሄኔ የሞተው ሰው ዓይኑ እንደፈጠጠ፣ ከንፈሩ ሳይንቀሳቀስ፣ ጆሮዋ ሥር ተናገረ።

«እማ፣ አልሞትኩም። ዝም በይ፣ እንዳታበላሺብኝ።»

ሰው ሁሉ እሷንም ተዋናይ አድርጓት ያለቅሳል። ሁለት ልጆች ደግፈው በጓሮ በር አወጧት። ማታ ቤት ሲገባ ተውፊቅ በሳቅ ፈረሰ፤ እሷ ግን ለብዙ ቀን ፊቱን ማየት ፈራች።

አሁን ደግሞ ከኮምቦልቻ ሲመለስ ሐረጎ ላይ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠ። ያጠቡት ሰዎች ፊቱ ላይ ጭረት እንኳ የለም አሉ። ተሰናበቺው ብለው ከፈኑን ገለጥ አድርገው ሲያሳዩዋት ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠጋች። «እማ፣ ዝም በይ» አላት። ወላሂ ሰምታዋለች። ጩኸቷን በሻሿ አፈነችው። ወንዶቹ ተሸክመውት ሄዱ፤ ሴት ቀብር አትወጣምና አፈር ሲለብስ አላየችም።

ከአስር ሰላት በኋላ ሙና እየጮኸች ገባች። ዙበይዳ ብድግ ብላ ክንዷን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባቻትና በሩን ዘጋች።

«አንቺ ታውቂያለሽ። መቼ ነው የሚነሳው?»

ሙና ልቅሶዋ ቀጥ አለ። «ማን… እማማ?»

«ያኔ እንዴት ተነሳ? እኔን አስወጡኝ፣ ሲነሳ አላየሁትም።»

«መጋረጃው ይዘጋል» አለች ሙና። «ከዚያ ሰው ያጨበጭባል። ሲጨበጨብ ይነሳና…» አፏን ያዘች። «እማማ፣ እርስዎ ግን ይሄ እኮ…»

«ማንም አላጨበጨበለትማ!» አለች ዙበይዳ።

ወደ ሳሎን ወጣች፤ ለቀስተኞቹ መሃል ቆማ በሩን እያየች ማጨብጨብ ጀመረች። ንፍሮ የያዙ እጆች አፍ ሳይደርሱ ቀሩ። ድንኳን ውስጥ የሼህ ሚስባህ ዱዓ ተቋረጠ። ሱሀይላ «ያ ረቢ! እማ፣ ምን ሆንሽ?» ብላ ልትይዛት ስትነሳ ሙና ከለከለቻት። ከዚያ ሙናም አጠገቧ ቆማ፣ እንባዋ እየወረደ አብራት አጨበጨበች። ዙበይዳ ብቻዋን ስታጨበጭብ ማየት አልቻለችም።

በሩ ክፍት ነው። ማንም አልገባም። የበሩ መጋረጃ በነፋስ ከፍ ሲል ሴቶቹ ሁሉ ትንፋሻቸውን ያዙ፤ መልሶ ወረደ።

ዙበይዳ እጇ ደከመ። ጭብጨባው ሳሳ፣ ቆመም።

«አልተነሳም» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

መዳፎቿ ደረቷ ላይ እንደተከፈቱ ቀሩ። ከዚያ ዱዓ እንደጨረሰ ሰው ፊቷን ከላይ ወደ ታች አበሰችባቸው፤ እርጥብ ሆነው ወረዱ።