አራት ውል፣ አንድ ድስት

የኦሪን ኮዛክን ፊት የሚያውቅ ደጋፊ አልነበረም። በአሜሪካን ፉትቦል የመሃል መስመረኛ ነውና ጨዋታው በተጀመረ ቁጥር አጎንብሶ ኳሱን በእግሮቹ መሃል ለወርዋሪው ያቀብላል፤ ካሜራው ደግሞ ሁልጊዜ ከኋላ ነው። ስለዚህ በመላው የኔብራስካ ግዛት የታወቀለት ነገር ቢኖር መቀመጫው ነው። ኮሌጆች ለተጫዋቾች መክፈል፣ ነጋዴዎችም ተጫዋቾችን ለማስታወቂያ መቅጠር ሲጀምሩ ወደ እሱ የመጣው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የሱሪ ነጋዴ። የሱቄን ስም መቀመጫህ ላይ ላሰፋ አለው። ኮሌጁ አይሆንም አለ። ኦሪን ተገላገለ፤ እናቱ ግን ትንሽ ቅር አላት።

ከግራና ከቀኙ የሚሰለፉት አራቱ ጓደኞቹ ሁሉም ባለ ውል ሆኑ። መስመረኞች ግዙፎች ናቸውና ሰው ሲያያቸው መጀመሪያ ትዝ የሚለው ምግብ ስለሆነ፣ የቀጠሯቸውም ምግብ ቤቶች ነበሩ፤ ሲዮኔን ዶሮ ቤት፣ ተከርን ፒዛ ቤት፣ ሳይለስን ታኮ ቤት፣ ረስቲን በርገር ቤት። ችግሩ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ሐሙስ ማታ የመስመረኞቹ ነው። አምስቱ ኦሪን ቤት ከአንድ ድስት ይበላሉ። ልማዱን ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም፤ የሚታወቀው ድስቱ ነው። ከአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት የወጣ፣ ጥጃ የሚታጠብበት የሚያህል ድስት፤ አንዱ መሃለኛ ሲመረቅ ለሚቀጥለው እያስረከበ እዚህ ደርሷል። ሕጉም አብሮ ይተላለፋል። ሜዳ ላይ «ሁት» ብሎ የሚያስጀምረው ወርዋሪው ነው፤ ከዚያ ቃል በፊት ንቅንቅ ያለ መስመረኛ ቡድኑን ያስቀጣል። ሳምንቱን ሙሉ በሌላ ሰው ቃል ሲነሱ ለሚሰነብቱት ግን ሐሙስ ማታ ቃሉ የመሃለኛው ነው። እሱ «ሁት» ሳይል ማንኪያ ያነሳ ሰው የሁሉንም ዕቃ ያጥባል። ኦሪን ከመጣበት ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ ቀድሞ አያውቅም። ኩራቱ ያ ብቻ ነበር፤ ለማንም አልነገረም እንጂ።

ውሎቹ ከተፈረሙ ወዲህ ድስቱ አልተጣደም። ከቀጣሪው ምግብ ውጭ ሲበላ የታየ ተጫዋች ውሉ ይፈርሳል ተብሎ ስለተወራ፣ አራቱም በየቤታቸው መጋረጃ ዘግተው መብላት ጀመሩ።

በጥቅምት አንድ ሰኞ የመስመረኞቹ አሰልጣኝ ኮች ዱዌን ኦሪንን ቢሮው ጠራው። ኮች ዱዌን ዕድሜውን ሙሉ ምልመላ የሠራው በሆዱ ነው። የልጁ እናት ቤት ይሄዳል፣ የቀረበለትን ይበላል፣ ይደግማል፣ እናትየው ልጇን ትሰጠዋለች። አሁን እናቶች ወኪል ዘንድ ይልኩታል፤ ወኪል የሚያቀርበው የታሸገ ውሃ ነው። ኮች ዱዌን በዚህ ዓመት ቀጥኗል፤ ወዶ ግን አይደለም።

«ማርሴል ብሩሳርድ ሐሙስ ይመጣል» አለ። «ከሉዊዚያና። አንተን የሚተካው መሃለኛ እሱ ነው። አክስቱም አብራው ትመጣለች፤ አሳዳጊውም ወኪሉም እሷ ናት።»

«ጥሩ ነዋ፣ ኮች።»

«ምን ጥሩ አለው? ሦስት ኮሌጆች እኛ የማንችለውን ገንዘብ ጠርተውለታል። ሴትየዋ ‹እናንተስ ምን አላችሁ?› አለችኝ። ግራ ገባኝና ‹ቤተሰብ ነን› አልኳት።»

ኦሪን ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«‹ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው› አለችኝ። ‹የእኛዎቹ እኮ ሐሙስ ሐሙስ ከአንድ ድስት ነው የሚበሉት› ብዬ ማልኩላት። ‹እሱን መጥቼ አያለሁ› አለች።»

«ኮች፣ ከነሐሴ ጀምሮ አብረን በልተን አናውቅም።»

«አውቃለሁ።»

«ሲዮኔና ተከር ሰላምታቸው እንኳ በሩቅ ነው። ዶሮ ቤቱና ፒዛ ቤቱ ተጣልተዋል።»

«አውቃለሁ አልኩህ።» ኮች ዱዌን ቀበቶውን አንድ ቀዳዳ ጠበቅ አደረገ። «ስማ፣ የስፖንሰር ቢሮው ሐሙስ ማታን ለማስታወቂያ ቀረጻ ስጡን እያለኝ ነው። ‹ባዶ ሆኖ ነው የሚያድረው› ይሉኛል። ልጁ እኛን ከመረጠ ‹ሐሙስ ምልመላ ነው፣ እንዳትነኩት› ብዬ እሟገታለሁ። ካልመረጠ አልችልም። ድስቱን ከዚያ በኋላ አበባ ትከልበት።»

ኦሪን ከቢሮው ሲወጣ የሚያስበው ያንን ነበር። ግንቦት ላይ ይመረቃል፤ አበባ የተተከለበት ድስት ለማን ነው የሚያስረክበው?

ከልምምድ በኋላ መልበሻ ክፍል ሰበሰባቸው።

«ዶሮ ከሆነ እመጣለሁ» አለ ሲዮኔ።

«ዶሮ ከሆነ እኔ የለሁበትም» አለ ተከር፣ ለግድግዳው።

ረስቲ ሐሳብ አመጣ። «አራቱም ምግብ ቤቶች ያንን አደባባይ ከበው አይደል ያሉት? በየደጃፋችን ቆመን እየተጯጯህን እንብላ። ልጁ መሃል ይቁም።»

«መሃል ላይ እኮ መኪና ነው የሚያልፈው፣ አንተ።»

«መሃለኛ አይደል? ከአሁኑ ይልመደው።»

ኦሪን ሰው ሁሉ ሲያወራ ቃል የሚጠፋው ልጅ ነው። ጸጥ እስኪሉ ጠበቀና፣ «ውላችሁ ግን ምንድነው የሚለው?» አለ። «ቃል በቃሉ ማለቴ ነው።»

እርስ በርስ ተያዩ።

«እኔ ያነበብኩት እስከ ገንዘቡ ድረስ ነው» አለ ሲዮኔ። «ከዚያ በኋላ ዓይኔ ደከመ።»

የሁሉም ዓይን እዚያው ላይ ነበር የደከመው። ሕግ መማር የሚፈልገው ሳይለስ ስልኩን አውጥቶ የራሱን ውል እስከ መጨረሻው አነበበ፤ ቀጥሎ የሌሎቹን ተቀብሎ አየ። ፊቱ ቀስ እያለ ቀላ።

«‹ከሌላ ምግብ ሻጭ› ነው የሚለው» አለ። «አራቱም ላይ። ኦሪን፣ አንተ ምግብ ትሸጣለህ?»

«በነጻም አልበላ ብላችሁኝ ነው እንጂ።»

«እንግዲያው ቤቱ ሄዶ መብላት አልተከለከለም። መጀመሪያውኑም አልተከለከለም።»



«ይህን ሁሉ ወር መጋረጃ ዘግቼ የተራብኩት በከንቱ ነው?» አለ ሲዮኔ።

«ተርበህ ነው እንዲህ የሆንከው?» አለ ተከር። ፊቱን ወደ ሲዮኔ አዙሮ ሲናገረው ከነሐሴ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

ውሎቹ ሌላም ነገር ይሉ ነበር። ቡድኑ በሚሰበሰብበት ገበታ ሁሉ ተከር ፊት የፒዛ ካርቶን መኖር አለበት፤ ሲዮኔም የዶሮውን ቆብ ማድረግ አለበት። ቆቡ ቀይ ነው፣ አናቱ ላይ እንደ አውራ ዶሮ ቀይ ኩክኒ አለው፣ ሲዮኔ ራሱን በነቀነቀ ቁጥር ኩክኒው ይወዛወዛል። ይሁን ተባለ። ካርቶኑንም ባዶውን ከሚቀመጥ የቀረፋ ዳቦ ጨመሩበት።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ኦሪን ድስቱን ጣደ። የሠራው ቺሊ ነው፤ የተፈጨ ሥጋና ቦሎቄ በቲማቲምና በበርበሬ። እዚያ አገር ያደገ ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤት ምሳ ላይ ቺሊ የሚበላው በቀረፋና በስኳር በተጠቀለለ ዳቦ ነው፤ ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

አክስትየው፣ እትዬ ኦዴት ብሩሳርድ፣ አጭር፣ ቀጭን፣ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው የሚይዙ ሴት ናቸው። ከኋላቸው ማርሴል ገባ፤ በሩን ያለፈው በጎኑ ነው። ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠና ድስቱን እያየ ተቀመጠ። ኮች ዱዌን አዲስ ሸሚዝ ለብሶ የጠረጴዛውን ጥግ ያዘ።

እትዬ ኦዴት የሲዮኔን ራስ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «ይሄ ምንድነው?»

«ውል ነው፣ እትዬ» አለ ሲዮኔ።

«በደንብ አልተደራደርክም።»

ኦሪን ሳህኖቹን ሞላ፤ ተከር ካርቶኑን ከፈተ።

«ጣፋጩ ለኋላ ነው አይደል?» አሉ እትዬ ኦዴት።

«አይ፣ አብሮ ነው» አለ ኦሪን። «ወጡ ውስጥ እየነከሩ ነው።»

«ቦሎቄ በቀረፋ።»

«ከሕፃንነታችን ጀምሮ እንደዚህ ነው።»

ወደ ማርሴል ዘንበል አሉ፤ ድምፃቸውን ግን አልቀነሱም። «የሚመክራቸው ትልቅ ሰው አላገኙም፣ የኔ ልጅ። አትፍረድባቸው።»

ሲዮኔ ሕጉን ለማርሴል አስረዳው፤ ኦሪን «ሁት» ሳይል እንዳትነካ፣ የነካ ያጥባል። ማርሴል ራሱን ነቀነቀ። ኦሪን «ተዘጋጁ» አለና እንደ ልማዱ ዝምታውን ጎተት አደረገው። እንግዳ ስላለ ትንሽ ጨመረበት።

ገና ቃሉ ሳይወጣ የማርሴል ዳቦ ግማሹ አፉ ውስጥ ነበር።

የቀሩት ዓይኖች በአንድ ጊዜ እሱ ላይ አረፉ። ማርሴል ማኘኩን አቆመ። «እጥበት» አለ ሲዮኔ፤ ኩክኒው ተወዛወዘ።

«ምን አልክ?» አሉ እትዬ ኦዴት።

ኮች ዱዌን ከጠረጴዛው ሥር አንድ እግር አጥብቆ ረገጠ። «ቀልድ ነው፣ ኦዴት። ልጆች ናቸው፣ ይቀልዳሉ። አይደለም እንዴ፣ ኦሪን?»

ሁሉም ወደ ኦሪን ዞሩ። አዎ፣ ቀልድ ነው ማለት ይችላል። ልጁ ደስ ብሎት ይሄዳል፣ ምናልባት ይመርጣቸዋል፣ ሐሙስ ይተርፋል። ግን ምኑ ነው የሚተርፈው? ለባለ ገንዘብ የሚታጠፍ ሕግ ከሆነ፣ የሚያስረክበው አንድ ትልቅ ድስት ብቻ ነው። ጆሮው ጋለ።

«ቀልድ አይደለም፣ እትዬ» አለ ወደ ሳህኑ። «ሕጉ ነው። እኔም ብቀድም አጥባለሁ።»

«ይህ ልጅ ሦስት ኮሌጅ እጁን የሚስመው ልጅ ነው።»

«እጁን ከታጠበ በኋላም ይስሙታል።»

ይህ ከራሱ አፍ እንዴት እንደወጣ ኦሪን አልገባውም። ተከር ሳል አስመስሎ ሳቀ። ማርሴል ግን የቀረውን ዳቦ ዋጠ፣ የመጣለትን ሁሉ በላ፣ ደገመ፤ ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ተነሳ።

ድስቱ እስከ ትከሻው ዋጠው። እትዬ ኦዴት ስልካቸውን አውጥተው ከኋላ ይቀርጹት ጀመር። «ማስረጃ ነው» አሉ።

«የትኛው ስፖንጅ ነው ለድስት?» አለ ማርሴል። ከመጣ ጀምሮ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

«አረንጓዴው» አለ ኦሪን ፎጣ ይዞ አጠገቡ ቆሞ።

ማርሴል ለጥቂት ጊዜ ፈተገ። «ባለፈው የሄድኩበት ቦታ ስሜ የተጻፈበት ኬክ አቀረቡልኝ» አለ ከድስቱ ውስጥ። «ከኬኩ ጋር ፎቶ አነሱኝና መልሰው ወሰዱት።»

«ሳትቀምሰው?»

«ለሚቀጥለው ልጅ ስሙን ይቀይሩታል መሰለኝ።»

ሳቁ ድስቱ ውስጥ አስተጋባ። እትዬ ኦዴት ስልካቸውን ዝቅ አድርገው አዩት፤ መልሰው ከፍ አደረጉ።

ሲሄዱ ምንም አላሉም። ሳምንት አለፈ፣ ሌላም ተጨመረ። የስፖንሰር ቢሮው ሰዎች መጥተው ለቀረጻቸው የኦሪንን ሳሎን በሜትር ለኩ።

«ለምን እግርህን የረገጥኩህ መሰለህ?» አለው ኮች ዱዌን አዝኖ።

«የረገጡት ረስቲን ነው፣ ኮች። እስካሁን ያነክሳል።»

ከዚያ የኮች ዱዌን ስልክ ጮኸ። እትዬ ኦዴት ማስረጃቸውን ለእህታቸው ልከውት ነበር፣ የደረሰብንን ግፍ እይልኝ ብለው። እህትየው ለጎረቤት፣ ጎረቤት ለዘመድ፣ ሉዊዚያና በሙሉ ግዙፉን ልጅ ድስት ውስጥ ሲስቅ አየው። መጨረሻ ላይ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ፋብሪካ አየው። ፋብሪካው ከሦስቱ ኮሌጆች የማያንስ ውል አቀረበ፤ አንድ ግዴታ ብቻ አለበት፤ ልጁ በየሳምንቱ ከእውነተኛ የቡድን እራት በኋላ ሲያጥብ መታየት አለበት።

«እነዚያ ኮሌጆች አብሳይም አጣቢም ቀጥረዋል» አሉ እትዬ ኦዴት በስልክ። «ልጄ አንዲት ሳህን የሚያጥብበት ቦታ የለም። ያ ድስት አሁንም አለ?»

«አለ» አለ ኮች ዱዌን ተነስቶ ቆሞ።

«በሐሙስ?»

«በሐሙስ።»

ኦሪን ይህን ሲሰማ የጠየቀው አንድ ነገር ነው። «ማርሴል ራሱስ ምን አለ?»

«‹ስፖንጁን አውቀዋለሁ› ነው ያለው።»

በጥር ማርሴል መጣ፤ የስፖንሰር ቢሮውም ሜትሩን ይዞ ሌላ ቤት ሄደ። ሐሙስ ተመለሰ፤ ግን እንደ ድሮው አልነበረም። ማርሴል ለውሉ ሲል በየሳምንቱ ይቀድማል። ሲዮኔ ሳሙና ዶሮ ቤቱን እንደማይቀናቀን ሳይለስን አስነብቦ ካረጋገጠ በኋላ እሱም መቅደም ጀመረ፤ ምናልባት ይቀጥሩኝ ይሆናል ብሎ። ተከር ሲዮኔ ብቻውን እንዲታይ አልፈቀደም። ኦሪን «ሁት» የሚለው አፋቸው ለሞላ ሰዎች ሆነ። ዕቃ ማጠቢያው ፊት የሚገፋፉትን ያህል ሜዳ ላይ ቢገፋፉ ኖሮ፣ ይል ነበር ኮች ዱዌን፣ ማንም አያሸንፈንም።

በግንቦት የኦሪን የመጨረሻ ሐሙስ ደረሰ። እትዬ ኦዴት ከሉዊዚያና መጡ፣ ቀረፋ የሌለበት ዳቦ በቦርሳቸው ይዘው። ኦሪን ድስቱን በሁለት እጁ ለማርሴል አስረከበ፤ ሊናገር ያዘጋጀው ነገር ነበር፣ ጠፋበት። «ከሥሩ ቶሎ ይይዛል፤ ማማሰል ነው» ብቻ አለ። ማርሴል መሃለኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቃሉ ከእንግዲህ የእሱ ነው።

«ተዘጋጁ» አለ።

ከዚያ ዝም አለ። ቺሊው ይጨሳል። ሲዮኔ በቆቡ ሥር አላበው፤ ማንኪያውን ግን አልነካም። ተከር ዓይኑን ጨፈነ። ለዚች አንድ ምሽት ሕጉን ሊያከብሩለት ተማክረው ነበር፤ ኦሪን ይህን አላወቀም። የማርሴልን ከንፈር ያያል፤ ይከፈታል፣ ቃሉ አይወጣም። ጠሪ ከሆነ ወዲህ መጠበቅን ረስቶታል። ሌላውን ሲያስጠብቅበት የኖረው ዝምታ እንዲህ ረጅም መሆኑን አላወቀም ነበር።

እጁ ሄደ።

ዓይኖች ሁሉ በአንድ ጊዜ እሱ ላይ አረፉ። ኦሪን አፉ ውስጥ ያለውን ለመዋጥም ለመመለስም አልቻለም።

«እጥበት» አለ ማርሴል በቀስታ።

ኦሪን ድስቱ ውስጥ እስከ ትከሻው ገባ። ማርሴልም፣ ውል ነውና፣ ሳሙናውን ከፍ አድርጎ ይዞ አጠገቡ ቆመ። እትዬ ኦዴት ስልካቸውን አወጡ። ወደ ግራ ሄዱ፣ ወደ ቀኝ ሄዱ፣ አንድ ወንበር ላይ ወጡ፣ ወረዱ።

«ኦሪን የኔ ልጅ፣ ትንሽ ፈቀቅ በልልኝ» አሉ። «መቀመጫህ ሳሙናውን ሸፈነው።»