ነጩ ቦታ

ሥራዬ ኤምአርአይ ማንሳት ነው፤ ውጤት መናገር ግን አይፈቀድልኝም። ዛሬ ያነሳኋትን የሦስት ዓመት ልጅ ከአራት ቀን በፊት ሲያንቀጠቅጣት በሲቲ ስካን አይተው ምንም የለባትም ብለው መልሰዋት ነበር። ቫይረስ አንጎሏ ውስጥ ገብቶ እንዳሳበጠው ያየሁት አሁን ነው።

እናቷ በሩን ገፍታ ገባችና ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች።

"እሰይ! በሁለቱም በኩል ነጭ ነው። ጥቁር እንዳይሆን ነበር የፈራሁት።"

ነጩ እብጠቱ ነው። ጆሮዎቿ አካባቢ ባለው የአንጎሏ ክፍል በግራም በቀኝም ተንሰራፍቷል።

"ሐኪሙ ይነግርሻል" አልኳት።

"አንቺ ደግሞ ምን ያኮሳትርሻል? ደስ አይልሽም እንዴ?" አለችና ለባሏ ደወለች። "ስማ፣ ልጃችን ተርፋለች!"

ሰውየው በደስታ ሲያለቅስ እኔ ድረስ ተሰማኝ። ስልኩን ከእጇ ቀማኋትና ወንበር ሳብኩላት።

"ቁጭ በይ እህቴ። በሽታው ነጩ ነው።"