የሰርቪሱ ኪኒን

ፀጉር ሠሪዋ ልጇን «ፌንጣ» ያለቻት ያለ ምክንያት አልነበረም። አራት ዓመቷ ነው፤ አንድ ቦታ ረግታ ከተቀመጠች አሟታል ማለት ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት ስትመለስ ከሰርቪሱ ዘላ ትወርድና የፀጉር ቤቱን በር በትከሻዋ ገፍታ ትገባለች፤ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጡትን ደንበኞች ጉልበት አንድ በአንድ ሳትነካካ አታልፍም። ሰሞኑን ግን የሰርቪሱ ሞግዚት አቅፈው ያወርዷታል። እሷም ሶፋው ላይ ድፍት ብላ ትተኛለች። እናት ነገሩ አላምር ቢላት ለደንበኞቿ አወራች።

«እያደገች ነዋ» አለቻት ዘወትር የምትመጣ አንዲት ደንበኛ። «ልጅ ሲያድግ ይደክመዋል።»

እናትም ደስ ባይላትም በዚሁ አለፈችው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የዚችኑ ደንበኛ ፀጉር በቢጉዲን እየጠቀለለች ሳለ ከሶፋው በኩል የታፈነ ድምፅ ሰማች። ዞር ስትል የፌንጣ አንገት ወደ ጎን ተጠምዝዟል። ዓይኖቿ ወደ ጣሪያው እንደተሰቀሉ ቀርተዋል፤ ምላሷ ወጥቷል፤ መንጋጋዋ አልታዘዝ ብሏታል። ራሷን ስታ ቢሆን ይሻል ነበር። ሁሉንም እየሰማች፣ «እማዬ» ልትል እየታገለች፣ ቃሉ አፏ ውስጥ እየተንከባለለ ይቀራል። ደንበኛዋ ግማሽ ራሷ በቢጉዲን እንደተጠቀለለ የመኪናዋን ቁልፍ አነሳች፤ ሦስቱም ወደ ሆስፒታል በረሩ።

ድንገተኛ ክፍል ያገኟት ዶክተር ልጅቷን ትንሽ አየቻትና፣ «ማስመለስ የሚያቆም መድኃኒት ወስዳለች?» ብላ ጠየቀች።

«አልወሰደችም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ዶክተር፣ ልጄ ምን እንደምትውጥ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።»

«እንግዲያው አንቺ ሳታውቂ ሌላ ሰው ሰጥቷታል» አለች ዶክተሯ፤ ለነርሷም መርፌ አዘዘች።

መርፌው ከተሰጣት ብዙም ሳይቆይ የልጅቷ አንገት ቀስ እያለ ቀና አለ። ዓይኖቿ ከጣሪያው ወርደው እናቷን ፈለጉ። ውሃ ጠየቀች። እናትየው አጠጣቻትና፣ ዛሬ ምን እንደበላች አባብላ ጠየቀቻት።

«አክስቴ ከረሜላ ሰጠችኝ» አለች ፌንጣ። ልጆቹ የሰርቪሱን ሞግዚት «አክስቴ» ነው የሚሏቸው። «ይመራል። መኪና ውስጥ ስንገባ ለሁላችንም ትሰጠናለች።»

እናት የሰማችውን ማመን አቃታት። ዶክተሯ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«መድኃኒቱ መርዝ አይደለም» አለቻት። «ልጁን ሐኪም አይቶት፣ ክብደቱ ተመዝኖ፣ ካስፈለገ ይታዘዛል። ሰው ግን የአዋቂውን ኪኒን ገምሶ ይሰጣል፤ ግማሽ ኪኒን ለግማሽ ሰው ይበቃል ብሎ። አንዳንዱ ልጅ እንዲህ አንገቱ ይጠመዘዛል፣ አንዳንዱ ይፈዛል። ትንፋሽ እስኪያሳጥር የሚያደነዝዝም አለ። ወደፊት ቢያስመልሳት በራስሽ ኪኒን እንዳትሰጫት። ፈሳሽ በማንኪያ ጥቂት በጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ። ካላቆመላት፣ ከፈዘዘች ወይም ሽንቷ ከቀነሰ ወደ ሐኪም ነው።»

በማግስቱ ጠዋት እናት ፀጉር ቤቱን ሳትከፍት መዋዕለ ሕፃናቱ ሄደች። ዳይሬክተሯ ቢሯቸው ውስጥ ተደላድለው ተቀምጠዋል። ነገሩን አልካዱም፤ እንዲያውም ቅር አላቸው።

«ልጆቹ መኪና ውስጥ ያስመልሳሉ። ልብሳቸው ተበላሸ ብላችሁ የምትጮኹብን እናንተው ወላጆች ናችሁ። መድኃኒቱ እንደሁ ከፋርማሲ የተገዛ ነው፤ ከመንገድ አላነሳነውም።»

«ፋርማሲው ለስንት ዓመት ልጅ ብሎ ሸጠልዎት?»

ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን አውልቀው በእርጋታ ጠረጉ። «ይኼ ሁሉ ልጅ ሲወስድ» አሉ፣ «የታመመችው የእርስዎ ልጅ ብቻ ናት።»

እናት ደሟ ፈላ። ጥፋቱ የፌንጣ አንገት ሆኖ አረፈው። ሌላ ቃል ሳትናገር ወጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ልጁን ይዞ ለሚመጣ ወላጅ ሁሉ የሆነውን ነገረችው። አንዳንዱ ደነገጠ። አንድ አባት ግን፣ «የኔው ማስመለሱን ስለተወ አመስግኜ ነበር» አለና የልጁን እጅ ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ጫጫታው ሲበዛ ዳይሬክተሯ ወጡ።

«አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት» አለቻቸው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። «ዛሬ ልጆቹ ሲመለሱ አብረን እንሳፈር። ከኋላ ወንበር።»

እምቢ ቢሉ ያስተዛዝባቸዋል። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ሲያበቃ ከእናት ጋር ተሳፈሩ። ለሁለት በተሠራው ወንበር ላይ አራት ልጅ ታጭቋል። ዳይሬክተሯ አንድ ሕፃን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ከኋላ ተጣበቁ። መኪናዋ ገና ስትነሳ ጭሱ ከወለሉ ሥር እየሾለከ ይገባ ጀመር፤ ሙቀቱም እንደ ምድጃ ነው። ሁለተኛው አደባባይ ላይ ሲደርሱ የሴትዮዋ ፊት አመድ መሰለ።

«መስኮቱን ክፈቱት» አሉ።

ሾፌሩ በመስታወቱ አያቸው። «አይከፈትም፤ ከተበየደ ቆየ። ነግሬዎት ነበር።»

መኪናዋ ቆማላቸው፣ የመብራት እንጨት ተደግፈው አስመለሱ። «ኪኒን ላምጣልዎት?» የሚል ቃል እናት ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። ውሃ አቀበለቻቸውና፣ «በአንዴ አይጨልጡት፣ ጥቂት በጥቂት» አለቻቸው። ልጆቹ በማይከፈተው መስኮት አፍንጫቸውን ለጥፈው ያያሉ።

ሳምንት ሳይሞላ መስኮቶቹ ተከፈቱ፣ ሁለተኛ መኪና ተጨመረ። ለወላጆችም መልእክት መጣ፦ «ጥፋተኛዋ ሠራተኛ ተሰናብታለች።»

ሞግዚቷ በዚያው ሰሞን ፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆመው ተገኙ።

«ዳይሬክተሯ በኔ አላከኩት» አሉ። «ኪኒኑን ገዝተው የሚያመጡት እሳቸው ናቸው። ስጪ አሉኝ፣ ሰጠሁ። አሁን እኔ ወጣሁ፣ እሳቸው ወንበራቸው ላይ ናቸው።»

«ልጆቹ ሲፈዙ አላዩም እትዬ?»

«አየሁ።»

«ታዲያስ?»

ሴትዮዋ አንገታቸውን ደፉ። «ዝም ሲሉልኝ ደስ አለኝ።»

ፀጉር ሠሪዋ በያዘችው ማበጠሪያ በሩን ልታሳያቸው ቃጣት። ያ የተጠመዘዘ አንገት ዓይኗ ላይ መጣባት። ግን እኚህን ብታባርር ለማን ነው የሚመቸው? ለእኚያ በእርጋታ መነጽራቸውን ለሚጠርጉ ዳይሬክተር ነው። ሽርጧን ፈትታ ወንበር ላይ ጣለች። ካስክ ሥር ያለችውን ደንበኛ ፌንጣን እንድታይላት ለመነቻትና ወደ ሞግዚቷ ዞረች።

«እኔ ይቅር አላልኩዎትም» አለቻቸው። «አሁን ግን ጤና ጽሕፈት ቤት አብረን እንሄዳለን። ማን እንደገዛ፣ ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንደሰጠ ይናገራሉ። የራስዎንም ሳያስቀሩ።»

ሞግዚቷ ጥቂት አመነቱ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፉና ቀድመዋት ወጡ።